የራስ ኢሜይል ሰርቨር ከድሬዳዋ፦ የት ይቀመጥ፣ በምን ይሠራ፣ እንዴት ይፈተሽ?

ትራንዚተሩ ከጅቡቲ የጭነት ሰነድ ይጠብቃል። ሆቴሉ የክፍል ማስያዣ ይቀበላል። ቡና ላኪው ከገዢው ጋር ውል የሚጨርሰው በኢሜይል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው እስካሁን በተራ የጂሜይል አድራሻ የሚጻጻፈው? ብዙው። ከዚያ አንድ ቀን የውጭ ደንበኛ "የድርጅት ኢሜይል የላችሁም እንዴ?" ይላል። ባለቤቱም ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካካውን ልጅ ይጠራና "አቦ አንድ ነገር አድርግ፣ ግን በየሰዉ ቁጥር በዶላር የሚከፈል ነገር እንዳታመጣብኝ" ይለዋል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። ለዚያች ልጅም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ይሄን ጥያቄ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ሶፍትዌሩ ካልተስማማችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት "መልእክታችን ከየትኛው አይፒ ነው የሚወጣው?" የሚለው ነው። አይፒ ማለት ማሽናችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። መቀበል ቀላል ነው፤ አንድ ማሽን አንስታችሁ በግማሽ ቀን ኢሜይል መቀበል ትጀምራላችሁ። ጣጣው መላኩ ላይ ነው። መላክ ብቻም አይደለም፣ የላካችሁት ስፓም ሳጥን ውስጥ ሳይወድቅ ሰውየው ዘንድ መድረሱ ነው።

የት ይቀመጥ?

ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ መጥፎም አይደለም። ማሽኑ ዓይናችሁ ሥር ነው። ዳታው ከግቢ አይወጣም። 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ለሃያ ሰው ቢሮ ይበቃል። ግን የሚጠይቀው ነገር አለ።

ቋሚ አይፒ ያስፈልጋል። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው እዚሁ ድሬ ስለሆነ የመስመር አማራጭን ከሌላው ከተማ ቀድመን አይተናል። ሆኖም የሞባይል ኢንተርኔት፣ የማንም ይሁን የማን፣ በአብዛኛው ብዙ ደንበኛ አንድ አይፒ ተጋርቶ የሚጠቀምበት ነው። ከውጭ ወደ እናንተ የሚመጣ ግንኙነት የእናንተን በር ለይቶ አያገኘውም። ስለዚህ ለድርጅት መስመር ቋሚ አይፒ ጠይቃችሁ መውሰድ የግድ ነው።

ቀጥሎ ፒቲአር ይመጣል። ተራው ዲኤንኤስ ስም ሲሰጡት አይፒ ይመልሳል። ፒቲአር ደግሞ አይፒ ሲሰጡት ስም ይመልሳል። ይህን ዶሜይናችሁን (ኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣውን ስም) የገዛችሁበት ገጽ ላይ አታገኙትም፣ የሚያስገባላችሁ የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም መስመሩን የሰጣችሁ ድርጅት ብቻ ነው። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደንቡን አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል የሚልክ ማንኛውም ሰርቨር የሚስማማ ፒቲአር፣ የተመሰጠረ ግንኙነት፣ ቢያንስ ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ወይም ዲኪም (ደብዳቤው ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ) ይኑረው ይላል። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሦስቱንም፣ ማለትም ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ (ደብዳቤው ሁለቱን ካላለፈ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለው ፖሊሲ) ያሟላ ነው። ፒቲአሩን ስትጠይቁ በስልክ አትከራከሩ። በጽሑፍ አድርጉት፤ አይፒውን እና የሰርቨሩን ሙሉ ስም ለይታችሁ "ይህ አይፒ ወደዚህ ስም ይመልስ" ብላችሁ።

በመጨረሻም የአይፒው ስም የጠፋ ነው ወይ የሚለው ነው። ስፓምሃውስ የሚባለው ድርጅት ፒቢኤል የሚል ዝርዝር አለው። እዚያ የሚገቡት ጥፋት የሠሩ አይፒዎች ሳይሆኑ "ከዚህ ክልል በቀጥታ ኢሜይል መውጣት የለበትም" የተባሉ ናቸው፣ የቤት መስመሮች በብዛት። አይፒያችሁ እዚያ ካለ ምንም ያህል ሰርቨሩን ብታሳምሩት ብዙ ቦታ በሩ ላይ ትመለሳላችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አይፒውን ስፓምሃውስ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩት።

መብራትስ? የድሬን መብራት እና የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይሄን መጠየቁ አይቀርም። የሚገርመው ነገር ኢሜይል መቋረጥን ይችላል። የተሠራው መስመር እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ነው። ሰርቨራችሁ ሲጠፋ ላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ ውስጥ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ የሚባለው የኢሜይል ሶፍትዌር ካልነካችሁት ለ5 ቀን ይሞክራል፣ የኢሜይል ዓለም አቀፍ ደረጃውም ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ሞክሩ ይላል። ስለዚህ ከሰዓት መብራት ሄዶ ማታ ቢመጣ ከውጭ የተላከ ደብዳቤ አይጠፋም፣ ይዘገያል እንጂ። የሚጎዳው የውስጡ ሰው ነው፤ የቆየ ደብዳቤውን መክፈት አይችልም፣ መላክም አይችልም። "ተጠባባቂ ኤምኤክስ እናቁም?" የሚሉ አሉ፣ ዋናው ሲጠፋ ደብዳቤ የሚቀበል ሁለተኛ ሰርቨር ማለታቸው ነው። አታቁሙ። ላኪው ራሱ ይጠብቅላችኋል፣ ያ ተጠባባቂ ደግሞ የስፓም ላኪዎች የጓሮ በር ነው የሚሆነው። ይልቅ ዩፒኤስ ግዙ፣ ዲኤንኤሱንም ከዚያው ማሽን ላይ አታድርጉት። ማሽኑ ሲጠፋ ዶሜይናችሁ አብሮ ከዓለም እንዳይጠፋ።

ሙቀቱ የዲስክ ጠላት ነው። ሰርቨሩን ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር፣ ማራገቢያ የሌለበት የዕቃ ክፍል ውስጥ አትሸጉጡት። ዲስክ ሁለት አድርጉ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ።

ሁለተኛው አማራጭ ውጭ አገር ቪፒኤስ፣ ማለትም ሌላ ድርጅት ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለ ሰርቨር መከራየት ነው። መብራቱ የእነሱ ራስ ምታት ነው። ፒቲአሩን ራሳችሁ በአንድ ገጽ ላይ ትሞላላችሁ። ዋናው ማጣሪያ ግን ፖርት 25 ነው፤ ፖርት ማለት ግንኙነት የሚገባና የሚወጣበት ባለቁጥር በር ነው። ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገረው በእሱ ብቻ ነው፣ ከተዘጋ መላክ የለም። ከአከራዮቹ መካከል ዲጂታልኦሽን ለድሮፕሌቶቹ (የሚያከራያቸውን ሰርቨሮች እንዲህ ነው የሚላቸው) ይዘጋዋል። ሄትዝነር ክላውድ ላይ ለአዲስ ደንበኛ 25 እና 465 ዝግ ናቸው፣ የመጀመሪያውን ወር ከከፈላችሁ በኋላ ጠይቃችሁ ነው የሚከፈቱት። አማዞንም ሳትጠይቁት አይከፍትም። ይሄ ክፋት አይደለም፣ ስፓምን መከላከያ ነው። ግን ካርዱን ከማስገባታችሁ በፊት "25 ይከፈታል ወይ?" ብላችሁ ጻፉላቸው።

ስለ ካርድ ካነሳን፣ እውነተኛው ችግር እዚህ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። የውጭ ግዢ የሚፈቅድ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚመጣ ማንም አያጣውም። የወሩ ክፍያ ካርድ ላይ ገንዘብ አጥቶ ካለፈ ማሽኑ ይዘጋል። ቆይቶ ይሰረዛል። ከነደብዳቤው። ቪፒኤስ ከመረጣችሁ የሚቻል ከሆነ የዓመቱን በአንዴ ክፈሉ፣ ማስታወሻውንም የሂሳብ ሠራተኛዋ ካሌንደር ላይ አስገቡት፣ የእናንተ ላይ ብቻ አይሁን።

ሦስተኛው እዚሁ አገር ውስጥ ዳታ ሴንተር ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፣ አዲስ አበባ ላይ የግል ዳታ ሴንተሮችም አሉ። ጥቅሙ በብር መክፈላችሁ እና ዳታው አገር ውስጥ መሆኑ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የደንበኛን መረጃ የት እንዳስቀመጣችሁ የሚጠይቅ ሰው ሊመጣ ይችላል፣ ከጠበቃችሁ ጋር አዋጁን ማየት አይከፋም። የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች ያው ናቸው፦ 25 ክፍት ነው ወይ፣ ፒቲአር ታስገባላችሁ ወይ፣ አይፒው ንጹሕ ነው ወይ።

አራተኛው የእኔ ምርጫ ነው። ግማሽ ግማሽ። መቀበሉንና ማስቀመጡን ራሳችሁ ታደርጋላችሁ። መላኩን ግን ለሪሌይ፣ የሰው ደብዳቤ ለሚያደርስ ድርጅት ትሰጣላችሁ። ሰርቨራችሁ የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ በፖርት 587 ስምና ፓስዎርድ ይዞ ለሪሌዩ ያስረክባል፣ ሪሌዩ በራሱ ንጹሕ አይፒ ያደርሰዋል። የእናንተ አይፒ ፒቲአር ባይኖረው፣ ፒቢኤል ላይ ቢሆን፣ ወጪው 25 ቢዘጋ ግድ የለም። ወደ ውስጥ የሚገባው 25 ብቻ ይከፈት። አማዞን ኤስኢኤስ ለ1,000 መልእክት 0.10 ዶላር ያስከፍላል፤ ለአንድ የትራንዚት ቢሮ ይሄ የማኪያቶ ዋጋም አይሆንም። መጀመሪያ ግን ጠባብ ሙከራ ውስጥ ያስገባችኋል፣ በቀን 200 መልእክት፣ ያውም ወደ ተረጋገጡ አድራሻዎች ብቻ፣ ከዚያ ለምን እንደምትልኩ አስረድታችሁ ነው የሚለቅቃችሁ። ብሬቮ እና ሜይልገንም አሉ።

ጉዳቱ? የሚወጣውን ደብዳቤ ሪሌዩ ያያል። ምስጢር የሚጻጻፍ የሕግ ቢሮ ይሄን ላይወደው ይችላል። የምትልኩት ፕሮፎርማና የጭነት ሰነድ ከሆነ ግን ጂሜይል ላይ እያላችሁም ያው ነበር።

ጨርሶ ለሌላ መስጠትም አማራጭ ነው። ጎግል ወርክስፔስ፣ ማይክሮሶፍት 365፣ ዞሆ። ቢሯችሁ አምስት ሰው ካልሞላ እና ሰርቨሩን በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ከሌለ፣ የባለቤቱን ፊት አትፍሩ፣ ይሄን ንገሩት። ሰርቨር የሚያቆም ሰው ሞልቷል፤ በየሳምንቱ ተመልሶ የሚያየው ነው የሚጠፋው።

በምን ይሠራ?

የድሮው መንገድ ፖስትፊክስ እና ዶቭኮት ነው። ፖስትፊክስ መልእክት ያመላልሳል፣ ዶቭኮት ሳጥኑን ይጠብቃል፣ አርስፓምዲ ስፓም ያጣራል፣ ዲኪምም ይፈርማል። ፖስትፊክስን ዊትሰ ቬኔማ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ ነው የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፣ ከደህንነት አንጻርም ከጓደኞቹ ሁሉ ስሙ ደህና ነው። ራም አይበላም፣ 1 ጊጋ ላይ ይሄዳል። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ የምታውቁ ካልሆናችሁ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ኮንፊገሬሽን ሰብስባችሁ የምትሠሩት ነገር ሲበላሽ የት እንደተበላሸ አታገኙትም። አሁን ደግሞ አንድ ወጥመድ ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የወጣው ዶቭኮት 2.4 የ2.3ን ኮንፊገሬሽን አይቀበልም። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ 13ኛ ስሪቱ ይዞት የመጣው 2.4ን ነው። ዴቢያን 12 ላይ በሰላም የሚሠራ ሰርቨር ይዛችሁ ወደ 13 ስታሳድጉ ዶቭኮት አልነሳ ይላል። በድሮው መመሪያ የምትሄዱ ከሆነ ስሪቱን እዩ።

ሜይልካው ሁሉንም በዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ሳጥን ለይቶ በሚያስኬድ መሣሪያ) ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ገጹ ያምራል፣ ተጠቃሚ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ካሌንደርና ዌብሜይል አለው። ቢሮ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ሰው አካውንት የሚከፍት ከሆነ ይሄ ነው የሚሻለው። ራም ግን ይበላል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ዝቅተኛ ብለው የሚጠይቁት 6 ጊጋ ራም እና 1 ጊጋ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ነው። ብዙውን የሚወስደው ክላምኤቪ የሚባለው ቫይረስ ፈታሽ ነው፤ ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ይይዛል። እሱን ማጥፋት ይቻላል፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ላይ በገዛችሁት አሮጌ ማሽን ላይ ከሆነ ሳታስቡ አጥፉት።

ሜይል-ኢን-ኤ-ቦክስ ተቃራኒው ነው። አይጠይቃችሁም፣ አያማርጣችሁም፤ ባዶ ኡቡንቱ 22.04 ሊኑክስ ትሰጡታላችሁ፣ ማሽኑን ጠቅላላ ይወርሰዋል። ዲኤንኤሱን ጭምር ራሱ መያዝ ይፈልጋል። የጎደለ ነገር ካለ በቀይ ይነግራችኋል፣ ይሄ ባህሪው ለጀማሪ ነፍስ ነው። ቪፒኤስ ላይ ጥሩ ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ዲኤንኤስ ከሚጠፋ ማሽን ላይ አይሁን ካልኩት ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ እዚያ አልመርጠውም። በዚያው ማሽን ላይ የድርጅቱን ዌብሳይትና የሂሳብ ሶፍትዌር አብሮ መጫን የሚያስብም ይተወው።

አዲሶቹ ስታልዋርት እና ሞክስ ናቸው። ሁለቱም አንድ ፋይል ናቸው፣ መላክ መቀበሉም ማስቀመጡም እዚያው ውስጥ ነው። ስታልዋርት ረስት በሚባል፣ ሞክስ ደግሞ ጎ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል። ሞክስን ስታስነሱት ዲኤንኤስ ላይ የምታስገቡትን እያንዳንዱን መስመር ጽፎ ይሰጣችኋል፣ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ትንሽ ማሽን ላይ ይሄዳሉ። ወጣት ስለሆኑ ግን በየስሪቱ ነገር ይቀያየራል፣ ያለማስታወሻ ማሳደግ አይቻልም፣ ችግር ሲገጥማችሁም ሰው ቀድሞ ጠይቆ መልስ ያገኘበትን ነገር እንደ ፖስትፊክስ በቀላሉ አታገኙም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፦ ብቻችሁን የምታስተዳድሩት፣ ሃያ ሰው የማይሞላ፣ ትንሽ ማሽን ካላችሁ ሞክስ ከሪሌይ ጋር። አስተዳዳሪ ሌላ ሰው ከሆነ እና ራም ካለ ሜይልካው ከሪሌይ ጋር። ሙያውን መማር የምትፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ፖስትፊክስን በእጃችሁ ሥሩት፣ የምትማሩት ብዙ ነው፣ የሰው ደብዳቤ ግን አታስቀምጡበት ገና።

ሳይላክ መሞከር

አፕ የምትሠሩ ከሆነ፣ የሆቴል ማስያዣ ወይም የትምህርት ቤት ማሳወቂያ፣ ለሙከራ እውነተኛ ሰርቨር አትጠቀሙ። እውነተኛ የደንበኛ ዝርዝር ያለበት ዳታቤዝ ላይ "ሙከራ 1" የሚል መልእክት ለሁሉም መሄዱ በዚህ ሙያ የታወቀ አደጋ ነው። ሜይልፒትን ጫኑ። አንድ ፋይል ነው። ፖርት 1025 ላይ ኢሜይል ይቀበላል፣ 8025 ላይ በብራውዘር ያሳያችኋል፣ ወደ ውጭ ምንም አያወጣም። ድሮ ሁሉም የሚጠቀመው ሜይልሆግ ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ስሪት አላወጣም፣ ተዉት። ጃቫ ላይ አውቶማቲክ ቴስት የምትጽፉ ግሪንሜይልን ከቴስቱ ውስጥ ማስነሳት ትችላላችሁ። ለሙከራ አድራሻ ደግሞ የሰው ዶሜይን አትፈልስፉ። ኤግዛምፕል ዶት ኮም እና መጨረሻቸው ዶት ቴስት የሆኑ ስሞች ለዚሁ ሥራ ተብለው የተተዉ ናቸው።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ብቻ የሚመጣ ጣጣ አለ። የኢሜይል ርዕስ ከላቲን ፊደል ውጭ ከሆነ በኮድ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ጥቅል ደግሞ ከ75 ምልክት መብለጥ አይችልም። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ደንብ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ነው። ስታሰሉት አንድ ጥቅል 15 ፊደል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ "የክፍያ ማረጋገጫ" ያለምንም ችግር ያልፋል፣ "የክፍያ ማረጋገጫ ደረሰኝ ከሆቴላችን" ግን ለሁለት ይከፈላል። አፑ ደብዳቤውን የሚሠራበት ላይብረሪ ጥንቃቄ ከሌለው የሚቆርጠው ፊደሉ መሐል ላይ ነው። ደንበኛው ስልክ ላይ መሐሉ ጥያቄ ምልክት ወይም ጥቁር ዳይመንድ የሆነ ርዕስ ይደርሰዋል። ስለዚህ የሙከራ ርዕሳችሁ "ሰላም" አይሁን። ከ15 ፊደል የሚበልጥ አማርኛ አድርጉት፣ ቢቻል የተለያየ ርዝመት ያላቸው አራት አምስት ርዕሶች፣ ከዚያ ሜይልፒት ላይም እውነተኛ ስልክ ላይም ክፈቱት።

ሰርቨሩን ራሱን ለመፈተሽ ስዋክስ የሚባል መሣሪያ አለ። ከተርሚናል ሆናችሁ ሰርቨሩን እንደ እንግዳ ሰርቨር ታናግሩታላችሁ፣ ንግግሩም መስመር በመስመር ይታያችኋል። መጀመሪያ የምታደርጉት ፈተና ይሄ ይሁን። ከቢሮው ውጭ ካለ መስመር፣ ያለ ፓስዎርድ፣ የእናንተ ካልሆነ አድራሻ የእናንተ ወዳልሆነ አድራሻ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ሰርቨሩ የሚመልሰው በቁጥር ኮድ ነው፤ በ220 ሰላም ይላል። ከማን ስትሉት 250 ብሎ ይቀበላል። ለማን ስትሉት ነው ወሳኙ። 554 ወይም 454 ብሎ "ሪሌይ ክልክል ነው" ካለ ደህና ነው። እዚያም 250 ካለ ሰርቨራችሁ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፣ ገመዱን ንቀሉት፣ በኋላ ታስቡበታላችሁ።

ይህንኑ ፈተና አዲሱና ረጅሙ የአይፒ ዓይነት በሆነው በአይፒቪ6ም ድገሙት። ዶከር የምትጠቀሙ በተለይ። ዶከር በአይፒቪ6 በትክክል ካልተዋቀረ ከውጭ የመጣው ግንኙነት ሁሉ ከዶከሩ የራሱ የውስጥ አድራሻ የመጣ መስሎ ይታያል፣ ሰርቨሩም "የቤት ሰው ነው" ብሎ ያለ ፓስዎርድ ያሳልፈዋል።

ከዚያ ወደ አንድ የጂሜይል አድራሻ ላኩና በኮምፒውተር ከፍታችሁ ኦሪጅናሉን አሳይ የሚለውን ንኩ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ሦስቱም "ፓስ" ማለት አለባቸው። ካላሉ በብዛት የሚሳሳተው ነገር ይሄ ነው፦ ዲኪም ቁልፉ 2048 ቢት ሲሆን ዲኤንኤስ ላይ አንድ ጽሑፍ ከሚችለው 255 ምልክት ይበልጣል፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ መግባት አለበት፣ አንዳንዱ የዶሜይን ገጽ ደግሞ ጅራቱን ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ኤስፒኤፍ ከአንድ በላይ መጻፍም የተለመደ ነው፤ አንድ ዶሜይን አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ውስጡም ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ፍለጋ አይፈቀድም።

ሎግ (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ስታነቡ ሰዓቱን አትርሱ። ሎጉ 14 ሰዓት ሲል ባለቤቱ "8 ሰዓት ላይ ልኬ ነበር" ብሎ የሚጨቃጨቃችሁ ስለዚያው ደብዳቤ ነው። የሰርቨሩን ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ማሽን ብዙ ነው።

ጥበቃው

ሰርቨር የሚጠለፈው ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። አንድ ሠራተኛ "ድሬ123" የሚል ፓስዎርድ ይዟል፣ አንድ ሮቦት አገኘው፣ ሌሊቱን ሙሉ በእሱ ስም ስፓም ሲላክ አደረ፣ ጠዋት አይፒው ጥቁር መዝገብ ላይ ነው። በቃ ይሄ ነው አብዛኛው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለእያንዳንዱ አካውንት በሰዓት የሚልከው መጠን ላይ ገደብ አድርጉ። የትኛውም የቢሮ ሰው በሰዓት ሁለት መቶ ደብዳቤ አይጽፍም። ገደቡ ሌባውን አያስቀረውም፣ ጉዳቱን ግን እዚያው ይይዘዋል። ፓስዎርድ እየገመተ የሚደጋግመውን አይፒ የሚያግደውን ፌይልቱባን ጫኑ፣ ዌብሜይሉ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ፣ ለስልክ አፕ የተለየ ፓስዎርድ ስጡ።

ፖርቶቹን ቀንሱ። ለደብዳቤው ከውጭ 25፣ 465 እና 993 ይበቃሉ፣ 587 የሚፈልግ አሮጌ ፕሪንተር ከሌለ በቀር። 110 እና 143 ይዘጉ። የአስተዳዳሪው ገጽ ከቢሮ ወይም ከቪፒኤን ውጭ አይከፈት። ግንኙነቱ የሚመሰጠርበትን ሰርተፍኬት ከሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ታገኛላችሁ፣ በ90 ቀን ያልቃል፣ ራሱን ያድሳል። ግን መታደሱ ብቻ አይበቃም፤ ዶቭኮትም ፖስትፊክስም አዲሱን እንዲያነቡት መቀስቀስ አለባቸው። ያለዚያ አዲሱ ዲስክ ላይ ተቀምጦ አሮጌው ያልቅና የሁሉም ስልክ በአንድ ጠዋት ይጮሃል።

ማዘመን ላይ አትስነፉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዲሴምበር ኤስኤምቲፒ ስማግሊንግ የሚባል ክፍተት ይፋ ሲሆን በአንድ ደብዳቤ ሆድ ውስጥ ሌላ የሐሰት ደብዳቤ ማስገባት ይቻል ነበር፣ ፖስትፊክስም ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቶበታል። ኤግዚም የሚባለው ሌላ የኢሜይል ሶፍትዌር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከርቀት ትእዛዝ የሚያስፈጽም ክፍተት ተገኝቶበት ብዙ ሰርቨር ተጠቅቷል። ያኔ ያላዘመነ ሰው ዛሬም እየከፈለ ይሆናል።

ስፓም ማጣሪያው ላይ አንድ ነገር ብቻ። የስፓምሃውስን ዝርዝር ስትጠቀሙ ሰርቨራችሁ ዲኤንኤስ የሚጠይቀው በጎግሉ 8.8.8.8 ከሆነ ዝርዝሩ ትክክለኛ መልስ አይሰጣችሁም። አንባውንድ የሚባለውን የዲኤንኤስ ሶፍትዌር እዚያው ማሽን ላይ ጫኑና በራሳችሁ ጠይቁ።

ዲማርክን ደረጃ በደረጃ አጥብቁት። መጀመሪያ ፖሊሲውን ምንም አታድርግ ላይ አድርጉና ሪፖርቱን ለጥቂት ሳምንት አንብቡ። ረስታችሁት የነበረ ላኪ ይወጣል፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ወይም ዌብሳይቱ ላይ ያለው ፎርም። እሱን አስተካክላችሁ ወደ ስፓም፣ ቀጥሎ ወደ መከልከል። ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ ለባለቤቱ ስታስረዱ ስለ ዲኤንኤስ አታውሩለት። "የባንክ ሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል" የሚል ደብዳቤ በእናንተ ስም ለጅቡቲው ሰው ቢደርሰውስ ብላችሁ ጠይቁት። ወዲያው ይገባዋል። ዲማርክ የእናንተን ዶሜይን በትክክል አስመስሎ መላክን ነው የሚከለክለው፤ አንድ ፊደል ቀይሮ ተመሳሳይ ዶሜይን የገዛን አጭበርባሪ አያቆምም። ለእሱ መድኃኒቱ ሂሳብ ቁጥር ተቀየረ ሲባል ገንዘብ ያዧ በምታውቀው ቁጥር ደውላ እንድታረጋግጥ ማድረግ ነው።

ባክአፕ ስትይዙ ደብዳቤዎቹን ብቻ አትያዙ። የተጠቃሚዎቹ ዳታቤዝ፣ ኮንፊገሬሽኑ፣ የዲኪም የግል ቁልፉም ይኑሩበት። ሬስቲክ የሚባለው የባክአፕ መሣሪያ መስጥሮ ያስቀምጣል፣ ለውጡን ብቻ ስለሚልክ መስመር አያጣብብም። ግልባጩ ከዚያው ክፍል ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ አንሱት። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ ተመልሶ ተነስቶ ያላያችሁትን ባክአፕ አላችሁ ብላችሁ አትቁጠሩት።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስትሻገሩ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ከሁለት ቀን በፊት የኤምኤክሱን (ደብዳቤያችሁ ወደየትኛው ሰርቨር ይሂድ የሚለውን የዲኤንኤስ መስመር) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ያንን መስመር ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ። አካውንቶቹን አዲሱ ላይ ክፈቱ፣ የድሮውን ደብዳቤ ሳጥን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር በሚገለብጠው አይማፕሲንክ ቅዱ፤ ብዙ ጊጋ ከሆነ ሌሊት ይሂድ። ከዚያ ኤምኤክሱን ቀይሩ፣ አይማፕሲንክን አንዴ ድገሙት፣ በመሐል አሮጌው ላይ የገባው እንዳይቀር። አሮጌውን አካውንት ቢያንስ አንድ ወር አትዝጉት። ሁሌም አንድ ደንበኛ አለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተላከለትን ደብዳቤ ከፍቶ "መልስ" ብሎ የሚጽፍ፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ ደንበኛችሁ ነው።